ያለቀ ቤት ወይስ ገና የሚገነባ፣ አፓርታማ ወይስ ራሱን የቻለ ቤት? ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ የንጽጽር መመሪያ

ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋን፣ የመኝታ ክፍሎችን ብዛትና ሰፈሩን ነው። ሦስቱም ተገቢ መመዘኛዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም ሻጩ ራሱ በማስታወቂያው ላይ የሚጽፋቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የሚጎዳው ማስታወቂያው ላይ ባልተጻፈው ነገር ነው፦ ከገባ በኋላ ማፍሰስ በሚጀምር ጣሪያ፣ በተባለው ቀን በማያልቅ ሕንፃ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከፍ በሚል ወለድ፣ ወይም ከሻጩ ሌላ ባለመብት ባለው የባለቤትነት ሰነድ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን የሚያነጻጽረው በአንድ ጥያቄ ነው። በእያንዳንዱ አማራጭ ውስጥ ገና ያልታየው ወጪ ምንድን ነው፣ በመጣ ጊዜስ የሚሸከመው ማን ነው? አንድ ቤት ከአቻዎቹ ረክሶ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ የረከሰው የዚህ ሸክም አንድ ክፍል ወደ ገዢው ስለተላለፈ ነው። ይህ በራሱ መጥፎ ግዢ አያደርገውም፤ ሸክሙን መዝኖ የተቀበለ ሰው በቅናሹ ሊጠቀም ይችላል።

ከማወዳደር በፊት አቅምን ማወቅ

የመግዛት አቅም ማለት ባንክ ለማበደር የፈቀደው መጠን ማለት አይደለም። ባንኩ የሚያሰላው ገቢው ዕዳውን ለመክፈል ይበቃ እንደሆነ ብቻ ነው፤ የልጆች ትምህርት፣ የቤተሰብ ሕመም ወይም ሥራ የመቀየር ሐሳብ በብድር ማመልከቻው ቅጽ ላይ ቦታ የላቸውም። ብድሩ ከመወሰዱ በፊት ለጥቂት ወራት፣ አሁን በሚከፈለው ኪራይና ወደፊት በሚከፈለው ወርሃዊ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ ቁጠባ ውስጥ ማስገባት ከማንኛውም የአቅም ስሌት ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ገንዘቡ ሳይነካ ከቆየ አቅሙ አለ፤ ወሩ ሳያልቅ ከዚያው ቁጠባ ማውጣት ካስፈለገ ደግሞ የሚታየው ቤት ለአሁኑ ገቢ ከባድ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ያለን ቁጠባ በሙሉ ለቅድመ ክፍያ አለማዋል ነው። ከቤቱ ዋጋ በላይ የስም ማዛወሪያ ክፍያ፣ ግብር፣ የውል ማጽደቂያ፣ የገማችና የመርማሪ ባለሙያ ክፍያ፣ የብድር አገልግሎት ክፍያ፣ መድን፣ የዕቃ ማጓጓዣና ከገቡ በኋላ የማይቀሩ ትናንሽ ጥገናዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚመጡት በተመሳሳይ ሳምንታት ነው። ሁሉም ተከፍሎ የሦስት ወር፣ ቢቻል የስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በእጅ መቅረት አለበት። ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ ወለድን እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ውስጥ የገባ ገንዘብ ሥራ በጠፋበት ወር ተመልሶ አይወጣም።

በቅርብ ዓመታት ውስጥ ሌላ ከተማ የመሄድ ዕድል ያለው ሰው ደግሞ መግዛትን ራሱን ከመከራየት ጋር ማወዳደር ይኖርበታል። በኋላ እንደምናየው በብድር የመጀመሪያ ዓመታት ከሚከፈለው ውስጥ ትልቁ ወለድ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የመግዣና የመሸጫ ወጪዎች ሲጨመሩ፣ ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚሸጥ ቤት ዋጋው በደንብ ካልጨመረ በቀር ከኪራይ የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ያጠራጥራል።

የቆየ ቤት፣ ያለቀ አዲስ ቤትና በግንባታ ላይ ያለ ቤት

የቆየ ቤት ትልቁ ብልጫ ጉድለቱን ለመደበቅ የሚቸገር መሆኑ ነው። ዝናብ ተፈራርቆበታል፣ መሠረቱ የሚሰምጠውን ያህል ሰምጧል፣ ሰፈሩም ጎረቤቱም ይታወቃሉ። ገዢው ማድረግ ያለበት ቤቱ የሚናገረውን ማንበብ ነው። ለዚህ መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው የግንባታ ባለሙያ መቅጠር ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ወጪ ነው፤ ሻጩ ባለሙያ እንዳይገባ ከከለከለ ፍለጋው እዚያ ላይ ይብቃ። ባለሙያው ከመጠራቱ በፊት ግን ገዢው ራሱ ሊያየው የሚችለው ብዙ ነገር አለ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በልስን ላይ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ በቀለም ይሸፈናል። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ አንዱ ጫፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ፣ ወይም የብሎኬቶቹን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ ስንጥቅ ግን የቤቱ አንድ ወገን ከሌላው ይበልጥ እየሰመጠ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም በአቅራቢያው ያለ በር አልገጥም ማለት ከጀመረ፣ መሐንዲስ ሳያየው ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። እርጥበትም እንዲሁ ከየት እንደመጣ በመልኩ ይለያል። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚወጣ፣ ነጭ ጨው መሰል ብናኝ የሚተው እርጥበት ከመሬት የሚሳብ ሲሆን፣ ማስተካከያው ውድ ነው። ኮርኒስ ላይ ክብ ሠርቶ የሚታይ ቡናማ እድፍ ደግሞ የጣሪያ ማፍሰስ ወይም ከላይ ያለ የቧንቧ ችግር ምልክት ነው። ቤቱ በሙሉ አሮጌ ቀለም ይዞ አንድ ግድግዳ ብቻ በቅርቡ የተቀባ ከሆነ ለምን እንደተቀባ መጠየቅ ነውር የለውም።

የውኃ ቆጣሪውም ብዙ ይናገራል። በቤቱ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፣ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ እስኪሞላ ይጠበቅ፣ ከዚያ በቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ይመዝገብና ቀሪው ቤት ሲታይ ቆይቶ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ እንደገና ይነበብ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውኃው በማይታይ ቦታ፣ ምናልባትም በወለሉ ሥር፣ እየፈሰሰ ነው። የውኃውን ግፊት ለማወቅ ደግሞ የማዕድ ቤቱንና የመታጠቢያውን ቧንቧ በአንድ ጊዜ መክፈት፣ የፍሳሹን ደኅንነት ለማወቅ ገንዳውን ሞልቶ በአንድ ጊዜ መልቀቅና ውኃው ሲወርድ ሌላኛው ማፍሰሻ የሚያጉረመርም መሆኑን ማዳመጥ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ በሚመለከት የብሬከር ሳጥኑ ተከፍቶ የመሬት ሽቦ መኖሩ፣ የተቃጠለ ሽታ ወይም የጠቆረ ሶኬት አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ መስመሩን በሙሉ መቀየር ግድግዳ መብሳትንና እንደገና መለሰንን ስለሚያስከትል የቀለሙንም የልስኑንም ወጪ ይዞ ይመጣል። ከተቻለ ቤቱን ዝናብ በሚዘንብበት ቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በምሽት ማየት ይገባል። ደላላው የሚመርጠው ሰዓት ቤቱ የሚያምርበትን ሰዓት ነው።

ያለቀ አዲስ ቤት ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ ችግሩ ገና በማንም አለመፈተኑ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ መከላከያ በትክክል መሠራቱ፣ የጣሪያው ተዳፋት ውኃን ወደ አሸንዳው መምራቱ የሚታወቀው ሰው ከኖረበትና ክረምት ካለፈበት በኋላ ነው። ኮንክሪትና ልስን እየደረቁ ሲሄዱ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ቀጫጭን ስንጥቆች ማሳየታቸው የተለመደ ስለሆነ በዚያ መደንገጥ አያስፈልግም። በአዲስ ቤት ላይ ያልታየውን ወጪ ማን ይሸከማል የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የዋስትናው ውል ነው። ዋስትናው የሚሸፍነው ምንን ነው፣ ለስንት ዓመት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰጠው ማን ነው? አንዳንድ አልሚዎች (ቤት ገንብተው የሚሸጡ ድርጅቶች) ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ኩባንያ አቋቁመው ሽያጩ ሲያበቃ ይዘጉታል፤ የአሥር ዓመት ዋስትና የፈረመ ኩባንያ በሦስተኛው ዓመት ከሌለ ዋስትናው ወረቀት ብቻ ነው። በራሱ በአልሚው ብቻ የተሰጠ ዋስትናና በመድን ድርጅት የተደገፈ ዋስትና እኩል ሊታዩ አይገባም።

በግንባታ ላይ ያለ ቤት ከሦስቱ ርካሹ የሚሆነው በግልጽ ምክንያት ነው። ገዢው ለአልሚው ያለወለድ እያበደረ፣ ግንባታው የመዘግየቱንና የመቋረጡንም አደጋ አብሮ እየተሸከመ ነው። ቻይና ውስጥ ይህ አደጋ በግዙፍ መጠን ታይቷል። ኤቨርግራንዴ የተባለው አልሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ዕዳውን መክፈል ሲያቅተውና ሌሎችም ሲከተሉት በየከተማው ያላለቁ ሕንፃዎች ቆመው ቀሩ፤ በ2022 ክረምት ደግሞ በብዙ ከተሞች ያሉ ገዢዎች ላላለቀ ቤት የወሰዱትን የባንክ ብድር አንከፍልም እስከማለት ደረሱ። አንዳንድ አገሮች ይህን ለመከላከል ሕግ አውጥተዋል። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሕግ ከገዢዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ አድርገዋል፤ በሕንዱ ሕግ ከተሰበሰበው ውስጥ 70 በመቶው ለዚያው ፕሮጀክት መሬትና ግንባታ ካልሆነ ለሌላ እንዳይውል ተወስኗል። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር የሚገዛ ሰውና በሌለበት የሚገዛ ሰው የሚገዙት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም።

ሕጉ ምንም ይሁን ምን ውሉ ውስጥ ሊፈለጉ የሚገባቸው ነጥቦች አሉ። ክፍያው በወራት ቁጥር የተከፋፈለ ከሆነ ግንባታው ቆሞም ገዢው ይከፍላል፤ መሠረት ሲያልቅ፣ ኮንክሪቱ ጣሪያ ሲደርስ፣ ማጠናቀቂያው ሲጀመር እየተባለ በገለልተኛ መሐንዲስ ማረጋገጫ የሚከፈል ከሆነ ግን አልሚው ገንዘብ የሚያገኘው በሠራው ልክ ነው። የመዘግየት ቅጣቱ ገዢው በዚያ ጊዜ የሚከፍለውን የቤት ኪራይ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ካልሸፈነ ቅጣት ሊባል አይችልም። የግንባታ ዕቃ ዋጋ ሲጨምር የቤቱም ዋጋ ይጨምራል የሚል አንቀጽ ካለ፣ በማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ የመነሻ ዋጋ እንጂ የመጨረሻ አይደለምና ከሌሎች ጋር ሲወዳደር በዚያው ልክ ይታሰብ። ስፋቱም ይጠየቅ፦ የተጣራ ነው ወይስ ጠቅላላ? የደረጃ፣ የመተላለፊያና የሊፍት ድርሻ ተካቶበት 100 ካሬ ሜትር የተባለ ቤት የጋራው ድርሻ 20 በመቶ ከሆነ የሚኖርበት 80 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም በካሬ ሜትር የሚከፈለውን እውነተኛ ዋጋ በ25 በመቶ ከፍ ያደርገዋል።

የእኔን ግምት ለሚፈልግ አንባቢ፦ ተጨማሪ ገንዘብ ለሌለውና አሁን ኪራይ ለሚከፍል የመጀመሪያ ገዢ፣ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ከሦስቱ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ኪራይንና የቤት ክፍያን በአንድ ላይ ከታሰበው በላይ ለረዘመ ጊዜ መሸከም የሚችለው ቁጠባው የደለበ ሰው ነው፤ ወደ ርካሹ ዋጋ የሚሳበው ግን ብዙውን ጊዜ ቁጠባ የሌለው ነው።

አፓርታማና ራሱን የቻለ ቤት

አፓርታማ የሚገዛ ሰው ጣሪያውንም፣ መሠረቱንም፣ የውጭ ግድግዳውንም ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ ይገዛል። የጥገናው ወጪ ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ሸክሙ ይቀላል፤ ውሳኔው ግን ከእጅ ይወጣል። ወርሃዊ መዋጮው ዝቅተኛ የሆነበት ሕንፃ በመጀመሪያ እይታ ማራኪ ቢሆንም፣ መዋጮው ያነሰው ለወደፊቱ ከባድ ጥገና ምንም የማይቀመጥ በመሆኑ ሊሆን ይችላል። ሊፍቱ መቀየር፣ የውኃ ፓምፑ መተካት፣ ጣሪያው መታደስ ያለበት ዓመት ሲመጣ ነዋሪው ያልጠበቀውን ትልቅ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እንዲያዋጣ ይጠየቃል።

ይህ ከገንዘብም በላይ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ሰርፍሳይድ በተባለች ከተማ የነበረው ሕንፃ ነው። ባለ 12 ፎቁ ሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ ሰኔ 24 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በሌሊት ከፊሉ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ2018፣ አንድ የምሕንድስና ሪፖርት በኮንክሪቱ ላይ ከባድ ጉዳት መኖሩን ገልጾ ነበር፤ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚደርሰው የጥገና መዋጮ ግን ባለቤቶቹን ሲያከራክር ከርሞ ዋናው የኮንክሪት ጥገና ሳይጀመር ሕንፃው ወደቀ። አፓርታማ ከመግዛት በፊት የነዋሪዎች ማኅበሩን የቅርብ ዓመታት ቃለ ጉባኤና የሒሳብ መግለጫ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ምን ያህል ተጠባባቂ ገንዘብ አለ፣ ስንት ነዋሪ መዋጮ አልከፈለም፣ ተነሥቶ ያልተወሰነ ጥገና አለ ወይ? ሰነዱን ማሳየት የማይፈልግ ማኅበርም በዚያው መልሱን ሰጥቷል።

ከፎቆቹ ውስጥ መምረጥ ሲቻል፣ የላይኛው የጣሪያ ማፍሰስንና ሙቀትን፣ የታችኛው ደግሞ የፍሳሽ መመለስንና እርጥበትን ቀድሞ እንደሚቀበል ማስታወስ ይበቃል፤ ሊፍቱ በቆመ ቀን አምስተኛ ፎቅ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነም በእግር ወጥቶ ማየት ነው።

ራሱን የቻለ ቤት የሚሰጠው ነፃነትና መሬት ነው። ሕንፃው ያረጃል፣ የረጅም ጊዜ ዋጋውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ነው፤ ፈቃድ ከተገኘም ክፍል መጨመር ይቻላል። በሌላ በኩል የሚሰበረው ሁሉ የባለቤቱ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ጥቅል ግምት ለጥገና በየዓመቱ የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያህል ማስቀመጥ ነው፤ ለአሮጌ ቤት ይህም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን በወርሃዊ ወጪ የሚያወዳድር ሰው በአፓርታማው በኩል መዋጮውን ሲጽፍ በዚህ በኩል ደግሞ የጥገናውን ገንዘብ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ራሱን የቻለው ቤት ሁልጊዜ ያለአግባብ ርካሽ ሆኖ ይታያል። ወሰኑን በቀያሽ ማስለካትም የግድ ነው፤ አጥሩ የቆመበት ቦታና ሰነዱ ላይ ያለው ወሰን ተመሳሳይ ላይሆኑ ይችላሉ።

ከመሃል የራቀ ሰፊ ቤትንና ቅርብ የሆነ ጠባብ ቤትን ማወዳደር የሚቀለው በሰዓት ነው። መንገዱ በአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት የሚጨምር ከሆነ፣ በወር 22 የሥራ ቀን ለሚሠራ ሰው 44 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የሥራ ሳምንት ይበልጣል። ተጨማሪው ክፍል ለዚያ ያህል ሰዓት ይበቃል ብሎ የሚያምን ይግዛው።

ብድሩን ማወዳደር

ብዙ ገዢዎች ቤቱን ለመምረጥ ወራት ይፈጃሉ፣ ብድሩን ግን የመጀመሪያው ባንክ ያቀረበላቸውን ይወስዳሉ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የ1,000,000 ብድርን እንውሰድ፤ በየትኛውም ገንዘብ ቢቆጠር ስሌቱ አንድ ነው። በዓመት 10 በመቶ ወለድ፣ በየወሩ እኩል እየተከፈለ በ15 ዓመት የሚያልቅ ከሆነ ወርሃዊው ክፍያ 10,746 ገደማ ሲሆን በጠቅላላው 1,934,000 ያህል ይከፈላል። በ20 ዓመት ከሆነ ወርሃዊው ወደ 9,650 ዝቅ ይላል፣ ጠቅላላው ግን 2,316,000 ይደርሳል። በ30 ዓመት ወርሃዊው 8,776 ነው፤ ጠቅላላው 3,159,000። ከ20 ወደ 30 ዓመት የተሻገረ ሰው በወር 900 እንኳ ለማይሞላ ቅናሽ ከ840,000 በላይ ጨመረ ማለት ነው። ይህ ስሌት ሲታይ የ30 ዓመቱ የሚመረጠው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

በ20 ዓመቱ ብድር የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከሆነው 9,650 ውስጥ 8,333ቱ ወለድ ነው፤ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው 1,317 ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከተከፈለ በኋላ ከሚሊዮኑ 898,000 ያህሉ ገና አለ፣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላም 730,000 ይቀራል። ቤቱን ቶሎ መሸጥ የማያዋጣው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናውን ብድር በትርፍ ክፍያ መቀነስ ደግሞ ይህን ያህል የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። በዚሁ ብድር ላይ በየወሩ 1,000 ብቻ ቢጨመር ዕዳው የሚያልቀው በ15 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ነው፤ 4 ዓመት ከ8 ወር ያህል ያሳጥራል። እዚህ ላይ ምርጫዬን ልናገር፦ የ15 ዓመት ውል ከመፈረም ይልቅ ትርፍ ክፍያን ያለቅጣት የሚፈቅድ የ20 ዓመት ውል ፈርሞ በ15 ዓመቱ ልክ መክፈል ይሻላል። ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፣ ገቢ በቀነሰበት ወር ግን ወደ ዝቅተኛው ክፍያ መመለስ ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ባንኩ ቀድሞ በመክፈል ላይ ቅጣት ካልጣለ፣ የ15 ዓመቱም ወለድ ጉልህ ቅናሽ ከሌለው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ነገር በጽሑፍ ይጠየቅ።

ቋሚ ወለድና ተለዋዋጭ ወለድ ሲነጻጸሩ፣ ተለዋዋጩ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይቀርባል፤ ወለድ የመጨመሩን አደጋ የተሸከመው ተበዳሪው ነውና። በእንግሊዝ ማዕከላዊው ባንክ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 0.1 በመቶ የነበረውን የወለድ መነሻ በነሐሴ 2023 ወደ 5.25 በመቶ አድርሶታል፤ በተለዋዋጭ ወለድ የተበደሩ ቤተሰቦች ወርሃዊ ክፍያቸው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንዴት እንዳሻቀበ መገመት አያዳግትም። በእኛ ምሳሌ የ20 ዓመቱ ብድር ወለዱ ከመጀመሪያው ከ10 ይልቅ 12 በመቶ ቢሆን ኖሮ ክፍያው 11,011 ይሆን ነበር። ተለዋዋጭ ወለድ የሚወስድ ሰው ከ2 እስከ 3 የመቶኛ ነጥብ ጭማሪን መሸከም መቻሉን አስልቶ ይግባ፤ የሚገርመው፣ ይህን አስልተው የሚጨርሱ ብዙዎች ቋሚውን ይመርጣሉ። ቋሚ የሚለው ቃል ለስንት ዓመት ቋሚ እንደሆነ ማጣራትም ይገባል፤ በአንዳንድ አገር የሚጸናው ለ2 ወይም ለ5 ዓመት ብቻ ሲሆን በሌላው እስከ 30 ዓመት ይዘልቃል።

ደመወዝ ከሚከፈልበት ገንዘብ በተለየ ገንዘብ መበደር በዝቅተኛ ወለዱ ሊያታልል ይችላል። በፖላንድ ብዙ ቤት ገዢዎች በስዊስ ፍራንክ የተበደሩት ወለዱ ስላነሰ ነበር፤ የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ በጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ፍራንኩ በጣም እንዳይወደድ ይዞት የነበረውን የምንዛሪ ወሰን ድንገት ባነሣ ጊዜ በገዛ ገንዘባቸው የተቆጠረው ዕዳቸው በአንድ ቀን አደገ። ለመጀመሪያ ቤት ገዢ ይህ አማራጭ ከጠረጴዛው ላይ ቢነሣ ይሻላል። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በሙራባሃ ውል ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በተወሰነ ዋጋ እንደሚሸጥለት ያውቃል፤ ዋጋው ስለማይለወጥ ከቋሚ ወለድ ጋር በጠቅላላ ክፍያው ሊነጻጸር ይችላል። ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ከትርፉ ላይ ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰነዱና ውሉ

በሰነድ ጉዳይ የሚነጻጸር አማራጭ የለም፤ ጥርት ያለ ሰነድ የሌለው ቤት በምንም ቅናሽ አይገዛም። የባለቤትነት ማረጋገጫው ሻጩ ከሚያቀርበው ቅጂ ሳይሆን ምዝገባውን ከሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ በገዢው ወይም በጠበቃው በኩል መረጋገጥ አለበት። የሻጩ ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑ፣ የትዳር አጋር ወይም ወራሾች ድርሻ መኖር አለመኖሩ፣ በቤቱ ላይ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩ፣ የተጨመሩት ክፍሎች ፈቃድ ያላቸው መሆኑ፣ ተከራይ ካለም ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ይጣራል። የሚሸጠው ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚጨምርና ያልተሻረ መሆን ይኖርበታል። ግብር ለመቀነስ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንጻፍ የሚል ሐሳብ ከመጣ አይቀበሉት። ሕገወጥ ከመሆኑም ሌላ፣ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ከፍዬ ነበር ብሎ ማስረዳት የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ለድርድሩ መነሻ የሚሆነው ሻጮች የሚጠይቁት ዋጋ ሳይሆን በአካባቢው ተመሳሳይ ቤቶች በቅርቡ የተሸጡበት ነው። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም መሆኑን ሳይዘነጉ የሚሰጠውን መረጃ መጠቀም ይቻላል፤ ቤቱ ለምን ያህል ጊዜ ገበያ ላይ እንደቆየና ሻጩ ለምን እንደቸኮለ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ባለሙያው ያገኛቸው ጉድለቶች በገንዘብ ተተምነው ከዋጋው እንዲቀነሱ ማቅረብ ‹‹ትንሽ ቀንሱልኝ›› ከማለት ይልቅ ሚዛን ይደፋል። ቀብድ ሲሰጥም ብድሩ ካልጸደቀ ወይም በሰነዱ ላይ ችግር ከተገኘ ቀብዱ እንደሚመለስ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ከመጨረሻው ክፍያ እንደ ቤቱ ሁኔታ ትንሽም ቢሆን ሳይከፈል እስከ ርክክቡ ቀን እንዲቆይ መስማማት ለገዢው ትልቅ ጥበቃ ነው። በዚያ ቀን ቤቱ ባዶ ሆኖ እንደገና ይታያል፤ አብረው እንዲቀሩ የተስማሙባቸው ቁም ሣጥኖች፣ የውኃ ማሞቂያና የመብራት ዕቃዎች በቦታቸው መኖራቸው ይረጋገጣል፣ የውኃና የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎቹ ንባብ ፎቶ ተነሥቶ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይሰፍራል፣ ያልተከፈለ ሒሳብ አለመኖሩን የሚያሳየው ደረሰኝም ይያያዛል። ሁለቱም ወገን ከፈረሙ በኋላ ቀሪው ገንዘብ ይከፈላል፣ ቁልፎቹም በሙሉ ተቆጥረው ይወሰዳሉ።